ከባለቀንዷ ምስል ሥር ያለው ጭረት

ኮም ዛህራን፣ ከኢስና በላይ
ሃቱር 14፣ ስንዴ በሚዘራበት ሰሞን

ካይሮ ላይ ወንበር ለተሰጠው ልጄ ለሸሃታ፣

ሰላም ብዬሃለሁ፤ ሰላሙ ግን ከአንገት በላይ ነው። የፈረምክበት ወረቀት ደርሶናል። ያነበቡልኝ ሼህ ራድዋን ናቸው፤ ይህንንም የሚጽፉልኝ እሳቸው ናቸው። “የሸሃታ እናት፣ ለባለሥልጣን እንዲህ አይጻፍም፤ ትንሽ ላለሳልሰው” ይሉኛል። “እርስዎ ብዕሩን ይያዙ፤ ቁጣው የኔ ነው” አልኳቸው።

በጥንቱ ቤተ መቅደስ ላይ የተሠሩት ጎጆዎች እስከ ረመዳን ይፍረሱ ብለሃል። ጎጆ! የተወለድክበት ቤት እኮ ነው! ላማችንን የምናስርበት ድንጋይ የዓምድ ራስ መሆኑን ዛሬ ነው ያወቅከው? ክርስቲያኖቹ በጊዜያቸው ቀድሰውበታል፤ መስቀላቸው እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ። ከነሱ በኋላ የአባትህ አያቶች ጭቃ አቡክተው ቤት ሠሩበት። ሁሉም ኖረበት። ባዶ ይሁን ያልከው አንተ ብቻ ነህ፣ ወጪት ሰባሪ! አባትህን ከቀበርን ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ደጄን አልረገጥክም፤ አሁን ማኅተምህን ላክህልኝ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። አንጀቴን ያሳረረው መጨረሻ ላይ ያለው ነው፤ “አላዋቂ ሴቶች ፍቀው ያበላሹት ግንብ በሲሚንቶ ይደፈን።” ሼህ ራድዋን እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀነሰ። የማን እጅ እንደሆነ መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ላንተ ግን አፍሬ ነግሬህ አላውቅም፤ አሁንም የማስጽፈው ፊቴን ሸፍኜ ነው።

ስምንት ዓመት መካን ተብያለሁ። አክስትህ አባትህን “ሌላ አግባ፣ ይቺማ ደረቅ እንጨት ናት” ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባለቀንዷ ሴት ከተቀረጸችበት ግንብ ፍቃ የጠጣች መካን ትወልዳለች ይባላል፤ ያን ጊዜ ሰባት ዓርብ ከቤታችን ሥር ወዳለው የቤተ መቅደሱ አዳራሽ ወረድኩ፤ ድንጋዩን በቢላ ፍቄ ዱቄቱን በአባይ ውሃ በጥብጬ ጠጣሁ። በዓመቱ አንተ መጣህ። አዎ፣ አላዋቂ ነኝ። አንተን ግን ወለድኩ።

ሊጡን ፀሐይ ላይ ኩፍ አድርጌ የጋገርኩትን ዳቦ በባቡር ሠራተኛው በሐሰን እጅ ልኬልሃለሁ። ተቆጥቻለሁ ብለህ እንዳትተወው፣ ብላ።

ቤቱ ይፍረስ ካልክ ሌላ ሰው አትላክ፣ ራስህ ና። ሲሚንቶውንም አንተው ያዝ። ከባለቀንዷ ሴት ምስል እግር በስተቀኝ፣ በክርኔ ልክ፣ ከሁሉም የጠለቀው ጭረት የኔ ነው። ከመድፈንህ በፊት ጣትህን ክተትበት።

አላህ ጤናህን አይንሳህ፤ ለምኜ ያገኘሁህ ልጅ ነህ።

እናትህ ሰኒያ