በክርስትና አባታችን አውራ ጣት ላይ ስለዋለው መርፌዬ

ለክሩሽኮቭ ዶል ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ክሩሽኮቭ ዶል

ቀን፦ ዲሴምበር 23 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ ያለቀብኝ የአድሬናሊን መርፌ እንዲተካልኝና ሁለተኛ እንዲጨመርልኝ ስለመጠየቅ

ዲሴምበር 19 ቀን፣ የቅዱስ ኒኮላስ ዕለት፣ ከጠዋት ጀምሮ በረዶ ይጥል ነበር፤ ነፋስ ግን አልነበረም። በጎረቤቴ በእማማ ሚሉንካ ደጃፍ የተገኘነው እኔ አመልካቿ፣ እማማ ሚሉንካ ራሳቸውና የልጆቼ የክርስትና አባት ሊዩቢሻ ነበርን። የመንደራችን ነርስ ዛጎርካ ሦስት ቤት አልፋ ሌላ ዝክር ላይ ነበረች። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ጤና ጣቢያው ምትክ መርፌ ስጠይቅ “መርፌው ለታዘዘለት ሰው አልዋለም” ብሎ ስለመለሰልኝ ነው። እውነት ነው፤ አልክድም። ጣቱ የእኔ አልነበረም።

1. እኔ ዋልነት የሚባለው ፍሬ አለርጂ አለብኝ። ፍርፋሪው ከንፈሬን ከነካ ጉሮሮዬ ይዘጋል። እግዚአብሔር ሲፈርድብኝ ደግሞ የተዳርኩት በየደጁ የዋልነት ዛፍ ወዳለበት መንደር ነው።

2. በመልሱ ላይ “አመልካቿ ምግቡን መተው ይችላሉ” የሚልም አለ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎም የዚሁ አገር ሰው ነዎት። ዝክር ያለበት ቤት ሲሄዱ ገና “እንኳን አደረሳችሁ” ሳይሉ በሩ ላይ ትሪ ይቀርብልዎታል፦ ከዋልነት ጋር የተፈጨ ጣፋጭ ንፍሮ፣ ማንኪያዎች፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ። አማትበው አንድ ማንኪያ ይቀምሳሉ፣ ማንኪያውን ውኃው ውስጥ ይከታሉ፣ ከዚያ ይገባሉ። ያልቀመሰ አይገባም። እኔ ከተዳርኩ ጀምሮ ለጎረቤቶቼ እንኳን አደረሳችሁ የምለው በአጥር ላይ ነው። “ኩሩ ናት” ተብያለሁ፤ “ሃይማኖቷን ቀይራለች” ተብያለሁ። ነፍሳቸውን ይማርና አማቴ “ቄስ የባረከው ስንዴ ማንን ገድሎ ያውቃል?” ብለው አንዴ አጉርሰውኝ ያን በዓል ሆስፒታል ዋልኩ። ክፋት አልነበራቸውም። ጸበል እንጂ መርዝ ያጎረሱኝ አልመሰላቸውም።

3. እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ያገኘሁትን ብጣሽ ወረቀት ሁሉ ግን አነባለሁ። ባለፈው ሴፕቴምበር ቃሪያ ተጠቅልሎበት በመጣ ጋዜጣ ላይ ስለ አለርጂ ሐኪሞች አነበብኩና ብጣሹን ለዛጎርካ አሳየኋት። ይዛኝ ከተማ ሄደች። ሐኪሟ ክንዴን ጠቅ ጠቅ አድርጋ ስትጠብቅ ቆዳዬ እንደ እንቁላል አበጠ። “እትዬ፣ እስከ ዛሬ በሕይወት መኖርሽ ራሱ ተአምር ነው” አለችኝ። ልስማት ምንም አልቀረኝም! ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲያምነኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ወረፋ መጠበቂያው ውስጥ እንቁላል የማይበላ ኬክ ጋጋሪና የንብ ንድፊያ አለርጂ ያለበት ንብ አርቢ ተዋወቅሁ። ንብ አርቢው “እኔ እኮ በገዛ ከብቶቼ የምታደን ሰው ነኝ” ሲል እስኪያመን ሳቅን፤ ዘበኛው መጥቶ “እዚህ ሕመምተኛ አለ” አለን። “እኛ ነና!” አልነው። አሁን በየወሩ እንገናኛለን። ሐኪሟ እስክሪብቶ የመሰለ፣ ጫፉን ጭን ላይ ሲጫኑት በራሱ የሚወጋ መርፌ ሁለት አዘዘችልኝ፤ ጤና ጣቢያው የሰጠኝ ግን አንድ ብቻ ነው።

4. እማማ ሚሉንካ ይህን ሰምተው በኒኮላስ ዕለት በአጥሩ ላይ ተጣሩ፦ “ሩሜ! ዘንድሮ በአጥር ላይ እንኳን አደረሰዎ አትይኝም! ላንቺ ብቻ ዋልነት ያላየ ንፍሮ ሠርቻለሁ። ካልመጣሽ ትሪውን ይዤ በበረዶ ውስጥ አሳድድሻለሁ!” ሄድኩ። ቀመስኩ። ማንኪያዬን ውኃው ውስጥ ከተትኩ። ከንፈሬ አበጠ።

“በኒኮላስ እምላለሁ! ስንዴና ስኳር ብቻ ነው!” አሉ እማማ ሚሉንካ። እውነታቸውን ነበር። ስንዴውን የፈጩት ግን የእንግዶቹን ዋልነት በፈጩበት መፍጫ ነው። በእኛ መንደር አንድ ቤት አንድ መፍጫ ነው ያለው፤ በመሐል የሚያጥበው የለም። ለምን ይታጠባል? ስንዴውም ዋልነቱም መጨረሻቸው አንድ ሳህን ነው።

መርፌዬን ከካፖርቴ ኪስ አወጣሁ። ሊዩቢሻ ነጠቀኝ። “አምጪው! እኔ ጦር ሠራዊት እያለሁ ፈረስ ወግቻለሁ!” ገልብጦ ያዘው፣ ጭኔ ላይ ደገነው፣ ከላይ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጠቅ አለ። ጣቱን አየና “ይገርማል፣ ምንም አያምም” አለ፤ ከዚያ ጮኸ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ትንፋሽ እያጠረኝ ሳቅሁ።

እማማ ሚሉንካ በነጠላ ጫማ፣ ከነትሪያቸው፣ በረዶው ላይ ሮጡ፦ “ዛጎርካ! ሩሜ በልታ ሊዩቢሻ ተወጋ!” ዛጎርካ የገበታ ጨርቅ አንገቷ ላይ እንደታሰረ ቦርሳዋን ይዛ ደረሰች፤ ከቦርሳዋ አድሬናሊን አውጥታ በቀሚሴ ላይ ወጋችኝ። ትንፋሼ ተመለሰ። አምቡላንስ ሁለታችንንም ወሰደን። ሊዩቢሻ መንገዱን ሙሉ “ልቤ የሠርግ ከበሮ ሆኗል! ይህን በወጣትነቴ ቢወጉኝ ኖሮ በጭፈራ ማን ያቆመኝ ነበር!” ይል ነበር። ሲመሽ ሁለታችንንም በደኅና መለሱን።

5. ስለዚህ ክቡርነትዎን በአክብሮት የምለምነው ይህ ነው። ጃንዋሪ 9 ቀን የቅዱስ እስጢፋኖስ ዕለት የሊዩቢሻ ዝክር ነው። አዲስ መፍጫ ገዝቶ፣ ቀይ ክር አስሮበት፣ “ዋልነት የነካው እጁ ይቆረጥ!” ብሎ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ሌሎችም እየጠሩኝ ነው፤ በአጥር ላይ ሳይሆን በበር። ያለ መርፌ ግን የማንንም ደፍ አልረግጥም። ዛጎርካ ያኔ በአጠገቤ የተገኘችው በዕድል ነው። ያለቀው መርፌ ከዚያ ቀን በፊት እንዲተካልኝ፤ አንዱ ቢበላሽ ወይም ባይበቃ ሐኪሟ እንዳዘዘችው ሁለተኛ እንዲሰጠኝ፤ ዛጎርካም መንደሩን እንድታስተምር መርፌ አልባ የመለማመጃ ናሙና እንዲላክላት። ሊዩቢሻ የመጀመሪያው ተማሪ ለመሆንና ጣቱን ለማሳየት ፈቃደኛ ነው።

6. በማግሥቱ ያደረግሁትንም ልጻፍ፣ መልሱን የሚሰጡኝ ለምን እንደምለምን እንዲያውቁ። ጎህ ሳይቀድ፣ ዋልነት ገብቶበት በማያውቅ ድስቴ ስንዴ ቀቀልኩ። በራሴ መፍጫ ፈጭቼ ስኳር ጨመርኩበት። ትሪ ላይ ሳህኑን፣ ሁለት ማንኪያና አንድ ብርጭቆ ውኃ አስቀምጬ በበረዶው ውስጥ ሄድኩና የእማማ ሚሉንካን በር አንኳኳሁ። ሲከፍቱ ትሪውን ዘረጋሁላቸው። አዩኝ፤ አማተቡ፤ በገዛ ደፋቸው ላይ ቆመው ቀመሱ፤ ማንኪያቸውን ውኃው ውስጥ ከተቱ። እኔም ቀመስኩ። ማንኪያዬ ከማንኪያቸው ጋር ሲጋጭ ብርጭቆው ጮኸ። “በይ ግቢ፣ ብርድ አታስገቢብኝ” አሉኝ። ገባሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከብዙ ሰላምታ ጋር

ሩመንካ ስቶይሎቪች
(ፊርማ)