ሰው ሳይሞት ስለተዘጋጀው መርዶ

ለተከበሩ አቶ ዘመድኩን አስማማው
የ«ምሥራቅ ጮራ» መረዳጃ እድር ሊቀ መንበር
ስካርቦሮ፣ ቶሮንቶ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የበረታ፣ ጉልበትዎም በዚህ ውርጭ ደረጃ ሲወጡ የማይከዳዎ ይሁን እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እሑድ የካቲት 8 ቀን 2001 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ ውጭ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ሲወርድ፣ በሕንፃችን የስብሰባ ክፍል የተገኘነው እርስዎ፣ ጸሐፊያችን አቶ ገረመው፣ የቀሩት የኮሚቴ አባላትና ሻይ እንድቀዳ የተጠራሁት እኔ ነበርን። አባላችን ዓለምሸት አልተጠራችም፤ ስብሰባው ስለ እሷ ስለነበረ ባትኖር ይሻላል ተብሎ ነው።

ደብረ ብርሃን ያሉት እናቷ በጠና ታመዋል። ወንድሟ ለእርስዎ ደውሎ «ለእሷ እንዳትነግሩ፤ የሆነው ሲሆን አርዷት» ብሏል። እናቷ ግን ዛሬም አጥሚት ይጠጣሉ፣ ሰው ይለያሉ፤ አሁን ብትነሣ በሕይወት ታገኛቸዋለች። ኮሚቴያችን በበኩሉ ጎህ ሳይቀድ በሯን የሚያንኳኩትን፣ መኪና የሚያመጡትን፣ ራሷን ስትስት የሚይዟትን ጠንካራ ሴቶች ሳይቀር መድቦ ጨረሰ። ከሟች በቀር የጎደለ ነገር የለም። ስለዚህ ቅልጥፍና ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

እኔም «አሁን ብትነገርስ?» ብዬ በመጠየቄ ያገኘኋቸውን መልሶች እንዳይረሱ ብዬ ከዚህ በታች በትሕትና አሰፍራለሁ።

1ኛ. «አባቶቻችን እንዲህ ነው ያደረጉት» አሉኝ። እውነት ነው። በእነሱ ጊዜ የሩቅ ዘመድ በበቅሎ ተጉዞ እስኪደርስ ቀብሩ ያልፍ ስለነበር፣ ሕመሙን መሸሸጋቸው ምክንያት ነበረው። እኛ ምክንያቱን እዚያው ትተን ልማዱን ብቻ ይዘን መጥተናል። የእርስዎን ታማኝነት የሚያጎድለው ወደ ሥራ በበቅሎ አለመሄድዎ ብቻ ነው።

2ኛ. ዌስተን የምትኖር አንዲት ሴት የአባቷን ሞት በስልክ ሰምታ በሳምንቱ ስለታመመች፣ «ዓለምሸትንም ወይ እንደብቃታለን፣ ወይ ደንግጣ ትሞትብናለች» ብለው ደመደሙ። ለዚያች ሴት ያላዘነ የለም፤ ነገር ግን በዚያው ሳምንት ጥርስም ተነቅላ ስለነበር፣ የጥርስ ሐኪሙ ለምን እንደታለፈ አልገባኝም። ደግሞም በመደበቅና በመግደል መካከል፣ አጠገቧ ተቀምጦ ቀስ ብሎ መንገር የሚባል ሦስተኛ መንገድ አለ። ጠባብ ስለሆነ ኮሚቴ አያሳልፍም።

3ኛ. ጥያቄዬን ትታችሁ ወደ እኔው ዞራችሁ። እርስዎ «አንቺ ያልወለድሽ፣ የእናትን ነገር ከየት ታውቂዋለሽ?» አሉኝ፤ አቶ ገረመውም «ከልብስ ማጠቢያው ላውንድሪ ሩም የለቀመችውን የመጽሐፍ ቅዳጅ እያነበበች ፈላስፋ ሆነችብን እኮ!» ብለው ቤቱን አሳቁ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፣ እኔም ስቄያለሁ። ይሁንና እኔ ዐሥር ብወልድ እንኳ ዓለምሸት ከእናቷ ጋር የቀራት ጊዜ በአንድ ቀን አይረዝምም።

4ኛ. በመጨረሻ እጅ አውጡ ተባለና ከእኔ በቀር ሁሉም አወጣ። «እና ይሄ ሁሉ ሰው ተሳስቶ አንቺ ብቻ ነሽ ልክ?» አሉኝ። በሰዓቱ ትሪ ይዤ ስለነበር ሳልመልስ ቀረሁ። ክቡር ሆይ፣ አዎ።

ለእድራችን ስለሚደክሙት ድካም፣ ለሐዘናችን ከማንም ቀድመው ስለሚደርሱልን፣ አንዳንዴም ሞቱን ራሱን ስለሚቀድሙልን፣ አንገቴን ዝቅ አድርጌ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ፤

ሻይ ቀጂዎ
ጸሐይወርቅ ሀብተማርያም

ድኅረ ጽሑፍ፦ በማግስቱ ሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ ዓለምሸት ቤት ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ ተቀመጥኩና «እማማ ታመዋል፤ በሕይወት አሉ፤ ድምፅሽን ይለያሉ» አልኳት። እርስዎ የፈሩት ድንጋጤ መጣ፤ ጮኸች፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣ አለቀሰች፣ ተነሣችና ፊቷን ታጠበች። ከዚያ «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን በሚገባ የሚመልሱት እርስዎ ስለሆኑ የስልክ ቁጥርዎን ጽፌ ሰጠኋት፤ ሻንጣዋንም ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩላት።