ስለ ደበዘዘው የገንዳ ውሃ ካርድ፣ ለማዕከሉ ኃላፊ

ዓይኔ ጤነኛ ነው! ሐኪሙ ሁለቱንም በየተራ ሸፍኖ እስከ መጨረሻዋ ትንሽ ፊደል ካስነበበኝ በኋላ፣ የማላውቀው ቀለምም እንደሌለ በማኅተም አረጋግጦ ሰጥቶኛል። ደስታው ከአፌ ስለቀደመኝ ሰላምታውን ወደ ኋላ ማስከተሌን ይቅር ይበሉኝ።

ይድረስ ለተከበሩ የመዋኛ ማዕከላችን ኃላፊ፤ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? ከወንበርዎ ሳይነሡ ገንዳውን የሚያዩበት ያ ሰፊ መስኮትስ? እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ውሃውን ስመረምር የኖርኩት ሠራተኛዎ፣ ከዓይን ሕመሜ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን በእርስዎ አንደበት ላይ እንጂ በዓይኔ ላይ አልነበረም። ይህንን በአደባባይ የምጽፈውም አራት የታሸጉ ደብዳቤዎቼ መልስ ስላጡ አይደለም፤ ደግነትዎ ተሸፍኖ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ካርዱ። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳና፣ ሥራዬ ቀላል ነው። ክንዴን እስከ ክርኔ ነክሬ በትንሽ ብልቃጥ ውሃ እቀዳለሁ፣ አምስት ጠብታ መድኃኒት እጨምርበታለሁ፣ ውሃው ቢጫ ይሆናል። ቢጫው ከደመቀ ጀርም የሚገድለው ክሎሪን በቂ ነው፤ ከገረጣ ጎድሏል። መድመቁና መገርጣቱ የሚታወቀው ብልቃጡን በካርድ ላይ ከታተሙት ቀለሞች ጋር በማስተያየት ነው። የእኛ ካርድ ታዲያ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ በሚስማር ተመቶ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። «በቂ» የሚለው ቢጫ ራሱ ገርጥቶ ገርጥቶ አለቀ፤ ስለዚህ ክሎሪን የሌለበት ውሃ ሁሉ እሱን ይመስላል። እኔም ሞኟ በየቀኑ «በቂ» እያልኩ ስፈርም ኖርኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍርድዎ። ከአዲሱ የጠብታ ካርቶን ውስጥ አዲስ ካርድ ወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው፣ የድሮው «በቂ» በአዲሱ ላይ «ጎድሏል» ከሚለው ቀለም ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት። እየሮጥኩ ወደ እርስዎ ስመጣ፣ ካርዶቹን ሳያነሡ እንዲህ አሉኝ፤ «እህቴ፣ የድሮው ካርድ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ዓይንሽን ታከሚ።» ውሃው ይመርመር ስል መርማሪዋ እንድትመረመር በማድረግዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሦስተኛ፣ ክሎሪኑን በቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ ስላስመጡልን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሃ ከነካው ይበላሻል ብለው በቁም ሳጥንዎ ስለቆለፉበት፣ እስከ ዛሬ ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም።

አራተኛውን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር። የታናሽ እህቴ ልጅ አሥር ዓመቷ ነው። ውሃው ንጹሕ ነው፣ አክስትሽ መርምራዋለች ብዬ በእጄ ያስገባኋት እኔው ነኝ። የቀኝ ጆሮዋ መግል ይዞ ከረመ፤ አሁን በቀኟ በኩል ሲጠሯት አትዞርም። የጆሮ ሐኪሙ የት ነው የዋኘችው ብሎ ሲጠይቅ የማዕከላችንን ስም የነገርኩት እኔ ነኝ። እህቴ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። ገበታ ስንቀርብ ግን፣ ስናገር እንድትሰማኝ፣ ልጅቷን ግራ ጎኗ ወደ እኔ እንዲሆን አድርጋ ታስቀምጣታለች። ይህንን በእርስዎ ላይ አልደርብም፤ ፊርማው የእኔ ነው። የሚቀጥለው ግን የእርስዎ ነው፤ የፊታችን ቅዳሜ የሦስት ትምህርት ቤት ልጆች ለውድድር ወደዚያው ውሃ ሊገቡ ነው።

ውሃው ይስተካከል፣ ካልሆነም ገንዳው ይዘጋ ብዬ ያልለመንኩት የለም፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። ይህም ደብዳቤ ተስፋ ኖሮኝ የተጻፈ እንዳይመስልዎ። የዓይኔ ጤንነት በተረጋገጠ ማግስት ወደ ፎጣ ክፍል አዛውረውኛል። አስበውበት ነው፤ ፎጣዎቹ ሁሉ ነጭ ስለሆኑ ከእንግዲህ በቀለም አንጣላም።

ከሚያስተዳድሩት ውሃ አንዲት ጠብታ ሳትነካዎ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣
የቀድሞዋ ውሃ መርማሪ፣ የአሁኗ ፎጣ አጣፊ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህንን ለምታነቡ ወላጆችና ጎረቤቶች፣ ለዓይኔ ጤንነት ትንሽ ድግስ አለኝ። ቤቴ ስለማይበቃ በማዕከሉ መግቢያ በር ላይ አድርጌዋለሁ። በሩ ጠባብ ነውና፣ ወንበሮቹ ከተደረደሩ ለዋናተኞቹ ልጆች የሚተርፍ መተላለፊያ ያለ አይመስለኝም፤ ክቡር ኃላፊያችንን ስለዚህ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ብዙ ሰው ይመጣል ብዬም አልጠብቅም። ስለ ውሃው በጠራሁት ስብሰባ የተገኘነው እኔና የበሩ ጥበቃ ብቻ ነበርን፤ እሱም ተረኛ ሆኖ ነው። ቢሆንም እኔ አንዷ ወንበር ላይ አለሁ። የቀሩትን ኑና ሙሉልኝ፤ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ልጆቹ ሳይደርሱ።