የዋዲ ፋጢማዋ ቢራቢሮ

ለተከበርከው ወንድም ጋሼ አብዱረሺድ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ነህ ወንድምዬ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ሕመም ተወህ ወይስ ዛሬም ተቀምጠህ ነው የምትሰግደው? እናታችንስ እንዴት ናት? እንቅልፍ ይወስዳታል? ጉልበቷን እየታሸች ነው ወይ? ወለላ በሰላም ተገላገለች? ማሽላው ያዘ? ወፉስ ዘንድሮ አስቸገራችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝ።

ሪያድ በአበሻ ላይ የደረሰውን በቴሌቪዥን አይታችሁ እናታችን እህል አልቀምስ እንዳለች ሰምቻለሁ። በቁሜ እንዳለሁ ንገራት። አንድ ጣቴን የነካኝ የለም። አሁን ያለሁት ተርሂል ነው፤ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ተራውን የሚጠብቅበት ግቢ ማለት ነው። ተይዤም አይደለም፣ በእግሬ ነው የገባሁት። ለምን እንደገባሁ ከሥሩ ላጫውትህ፣ ምክንያቱም አንተ ብቻ ነህ የሚገባህ።

መካ የተቀጠርኩበት ቤት አሮጊቷ ሲሞቱ ልጆቹ ተበታትነው ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሳይታደስ እንደቀረ ጽፌልህ ነበር። ያኔ ጅዳ፣ ጉለይል ሰፈር፣ የደሴዋ ሐያት አስጠጋችኝ፤ ቆይታም በኒ ማሊክ በሚባል ሰፈር አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ቤት አስገባችኝ። ኢማን ይባላሉ፣ እዚህ ሴት አስተማሪ ሁሉ አብላ ስለሚባል አብላ ኢማን እላቸዋለሁ። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ባል የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፤ ወጣ ገባ የሚልላቸው የወንድማቸው ልጅ አብዱልወሃብ ብቻ ነው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሐኪሙ ለስኳራቸው ሲል ቀዶ ጥገናውን ገና አልፈቀደም።

መጀመሪያ ቀን ሳሎኑን ስወለውል አንዱን መሳቢያ ሳብኩት። ቢራቢሮ! በረድፍ በረድፍ፣ እያንዳንዱ በቀጭን ስፒል ተሰክቶ፣ ከሥሩ የጤፍ ፍሬ በምታክል ጽሕፈት የተሞላ ብጣሽ ወረቀት አለው። ወላሂ መተት መሰለኝ። አዑዙ ቢላህ ብዬ ወደ ኋላ ስሸሽ ከወንበር ጋር ተላተምኩ። አብላ ኢማን ድምፁን ሰምተው መጡና ሳቁ። ከዚያ እጄን ይዘው አጉሊ መነጽር አስጨበጡኝና "ክንፉን እይ፤ እኔ እንደ ድሮው አላየውም፣ አንቺ ንገሪኝ" አሉኝ።

ጋሼ፣ ቢራቢሮ ስንይዝ ጣታችን ላይ የሚቀረውን ዱቄት ታውቀዋለህ አይደል? ዱቄት አይደለም! በመነጽሩ ሳየው ልክ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሮ የተደረደረ ነው፤ አንዲት ጥፍር በማታክል ቦታ ላይ ቁጥር ስፍር የለውም። እያንዳንዷ ቅርፊት የየራሷ ቀለም አላት። ሱብሃነላህ ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ። ያን ቀን ቤቱ ሳይወለወል ዋለ፤ የተቆጣኝም የለም።

አብላ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የጅዳንና የመካን አካባቢ ቢራቢሮ፣ የእሳት እራት፣ ጥንዚዛ ሁሉ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ደብተራቸው ሠላሳ አንድ ደርሷል። ዓይናቸው ሲደክም ሥራው ቆሞ ነበር። አንተ ያስቀራኸኝ የዐረብኛ ፊደል መጥፎም ቢሆን ይነበባል፤ እናም እኔ ዓይናቸውና እጃቸው ሆንኩ። ያዘዙኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ያላየሽውን አትጻፊ፣ ያየሽውንም አትተዪ።" ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ያረፈበትን ተክል፣ ስንት እንደሆነ እጽፋለሁ። ስፒሉን ግን አልወደድኩትም። ነግሬያቸው "እኔም አልወደውም፤ ከየዓይነቱ አንድ ካለ ሌላ አንነካም" አሉኝ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ።

ጁምዓ ጁምዓ ጠዋት አብዱልወሃብ በመኪናው ዋዲ ፋጢማ ይወስደናል፤ በጅዳና በመካ መካከል ያለ ሸለቆ ነው። መጀመሪያ የወረድኩ ዕለት ምን አየሁ መሰለህ? ጦቢያው! ያ በኛ ቆላ ወተቱ ዓይን ያጠፋል እየተባልን የምንሸሸው ተክል ሸለቆውን ሞልቶታል። እነሱ ዑሸር ይሉታል። አገሬ የገባሁ መስሎኝ ቅጠሉን ስዳብስ አብላ "ላዩ ላይ አባጨጓሬ ፈልጊ" አሉኝ። አገኘሁ፤ ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ ቀለበት የደረደረ። ያንን መርዝ እየበላ ያድጋል አሉኝ፤ ቢራቢሮ ሲሆንም መርዙ ገላው ውስጥ ስለሚቀር ወፍ አንዴ ቀምሶ ሁለተኛ አይሞክረውም። ቢራቢሮው ብርቱካንማ ነው፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር። ወፍ አይፈራ፣ እየተንቀራፈፈ ይበራል።

ጥቅምት 15 ቀን፣ ጁምዓ፣ እነዚህኑ ብርቱካንማዎች ስቆጥር አንዷ ግራ አጋባችኝ። የሌሎቹ የኋላ ክንፍ መሐሉ ላይ ሦስት ጥቁር ነጥብ አለው፣ ወንዱ አራት። የዚች ግን አንድ ብቻ ነው። ጠጋ ብዬ ደግሜ ቆጠርኩ፤ አንድ። ለአብላ ነገርኳቸው። "እርግጠኛ ነሽ?" አሉኝ። "ያላየሽውን አትጻፊ ብለውኛል፤ አይቻለሁ" አልኳቸው። ነገሩን ያኔ አስረዱኝ። ያቺ ያልኩህ መርዝ የላትም፣ ፍጹም ሌላ ዘር ናት፤ መርዛማዋን መስላ ስለተፈጠረች ብቻ ወፍ ይተዋታል። በዚያ ሸለቆ አብላ መጨረሻ ያዩዋት አስተማሪ ሆነው በተቀጠሩ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጠፋች ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር።

እሷም ጦቢያውን ትታ ከሚያንጠባጥብ የውሃ ቧንቧ ሥር ወደበቀለች ሪጅላ ወረደች፤ ሪጅላ ገበያ የሚሸጥ ወፍራም ቅጠል ያለው ጎመን መሰል ነው። ሆዷን አጥፋ አንድ፣ ፈቀቅ ብላ ሌላ፣ እንቁላል ጣለች። እኔ በጉልበቴ፣ አብላ ከጀርባዬ በዱላቸው፣ አብዱልወሃብ ትንፋሹን ይዞ። እኔ እያየሁ እናገራለሁ፣ እሳቸው እያለቀሱ ይሰማሉ።

አምስት እንቁላል ከነቅጠሉ ይዘን ተመለስን። ጥቁር፣ እሾሃም አባጨጓሬዎች ሆኑ። ሁለቱ ሞቱ፤ ሦስቱ ግን እንደ ፍየል ጋጡ። ወንዱ ሲፈለፈል እናቱን በፍጹም እንደማይመስል አብላ ነግረውኛል፤ በአፌ እሺ ብል ልቤ አልተቀበለውም ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለእናታችን አሳጥረህ አንብብላት።

መንግሥት ወረቀት ለሌለው ሰው የሰጠው የምሕረት ቀነ ገደብ ያለፈው አባጨጓሬዎቹ ገና ሳሉ ነው። አብዱልወሃብ ወረቀቴን ወደ አብላ ስም ሊያዛውር ስንት ቀን ተሰለፈ፤ ግን በስሙ ያስገባኝ የድሮው ዋሴ፣ ከፊል የሚሉት፣ አልተገኘም፣ ያለሱ ፊርማ ደግሞ አልሆነም። ከዚያ ሐምላው ጀመረ፤ አሰሳው ማለቴ ነው። ካራንቲናና ጉለይል ሰፈር ሰው ከቤቱ መውጣት ፈራ። ሐያት ስልኳን ዘጋች። አብዱልወሃብ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ወረቀት የሌለው ሰው ያስጠለለ እስር ቤት ይገባል ሲባል ፊቱ ጠቆረ። ቅጠሉን እሱ እየገዛ ያመጣል፣ እኔ መስኮት አጠገብ አልደርስም።

ኅዳር 7 ቀን ጠዋት ወታደሮች ከጎናችን ያለውን ሕንፃ ፈተሹ። የሴቶች ጩኸት በግድግዳው ይሰማል። እኔ ኩሽና ውስጥ ተሸጉጬ ስመለከት፣ አብላ ኢማን ዱላቸውን ይዘው፣ የማያዩ ዓይኖቻቸውን በሩ ላይ ተክለው ቆመዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲያ ቆሙ። ወታደሮቹ የኛን በር ሳያንኳኩ ሄዱ። ወንድም ጋሼ፣ ያኔ ነው የቆረጥኩት። እኚህን ሴት በኔ ሰበብ አንድ ሰው ቢያመናጭቃቸው በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? "ተርሂል በራሴ እገባለሁ" አልኳቸው። "ሳይፈለፈሉ የት ትሄጃለሽ!" ብለው እንደ ሕፃን ተቆጡኝ። ጠዋት ግን ራሳቸው ሻንጣዬን አምጥተው አልጋዬ ላይ አስቀመጡ።

ያን ጊዜ አባጨጓሬዎቹ ቁልቁል ተንጠልጥለው ደርቀው ነበር። ዐረቦቹ በዚህ ጊዜ ዓዝራ ይሏታል፣ ድንግል ማለት ነው። የሞተች ቅጠል ትመስላለች እንጂ ነፍስ ያላት አትመስልም። አብላ አንዷን ከነጭራሮዋ በተምር ካርቶን ውስጥ አስቀምጠው "ይቺ ያንቺ ናት፤ ስትወጣ ጻፊ" አሉኝ። ኅዳር 9 ቀን እስከ ተርሂሉ በር ድረስ አብረውኝ መጡ። ዘበኛው ካርቶኑን ከፍቶ ምንድን ነው ሲል፣ አብላ በዚያ የክፍል ድምፃቸው "ዓዝራ ናት! እንዳትነካት፣ ልትወለድ ነው!" አሉት። ልጁ አፍጥጦ አያቸው፣ ዓዝራዋን አያት፣ ከዚያ ክዳኑን በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ መልሶ አሳለፈኝ።

ተርሂል እንዴት እንደሆነ ብዙ አልጽፍልህም። በአንድ አዳራሽ ሁለት መቶ ሴት እንሆናለን። ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ ሰው ለፍራሽ ይጣላል፣ ለውሃ ይጣላል። ኅዳር 15 ቀን፣ ፀሐይ በላይኛው መስኮት ስትገባ ካርቶኑን ከፈትኩ። ዓዝራዋ ጠቁራለች፤ ቆዳዋም እንደ ላስቲክ ሳስቶ ውስጧ ይታያል። ጎኔ የምትተኛው የአርሲ ሴት "ምን ይዘሽ ነው?" ብላ ተጠጋች። በዚያው ቅጽበት ዓዝራዋ ተተረተረች።

መጀመሪያ እግር ወጣ። ከዚያ እንደ እርጥብ ጨርቅ የተጨማደደ ነገር። ጭራሮውን ጨብጦ ተንጠለጠለና ዝም አለ። እኔ ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። ጋሼ፣ ከዚያ በኋላ ክንፉ ማደግ ጀመረ! በዓይናችን እያየነው፣ ውሃ እንዳገኘ ቡቃያ፣ እጥፋቱ አንድ በአንድ እየተዘረጋ። ብርቱካንማ አልነበረም፤ እንደ ከሰል ጥቁር! በእያንዳንዱ ክንፍ ላይ ትልቅ ነጭ ጨረቃ፣ ጠርዟ ደግሞ ፀሐይዋ ባረፈችበት ቁጥር ሰማያዊ፣ ወዲያው ወይን ጠጅ ይሆናል። ወንድ ነው። እነዚያን እንቁላሎች የጣለችውን ብርቱካንማ እናት በዓይኔ ባላይ ልጇ ነው ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ቀና ስል ሴቱ ሁሉ ከቦኛል። ሕፃናቱ እንኳ ዝም ብለዋል። አንዷ ሱብሃነላህ ትላለች፣ አንዷ ታማትባለች። ከኋላ አንዲት ሴት "ምስኪን፣ ይሄም ኢቃማ የለው!" ስትል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከገባሁ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቅ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ከደረቀ በኋላ ክንፉን ሁለቴ ከፈተ፣ ዘጋ፤ በራሳችን ላይ ዞረና በመስኮቱ ብረት መሐል ወጣ። እኔም በካርቶኑ ክዳን ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ወንድ መሆኑን ጻፍኩ። ቦታ የሚለው ላይ ብዙ ካሰብኩ በኋላ "ተርሂል፣ የሴቶች አዳራሽ፣ ምሥራቅ መስኮት" አልኩ።

በማግስቱ ስልክ ለምኜ ለአብላ ደወልኩ። የሳቸውም ሁለቱ ወጥተዋል፣ አንዷ ሴት ናት። ሊያዩዋት ስላልቻሉ ጣታቸው ላይ አስወጥተዋት "እግሮቿ ሲኮረኩሩኝ ቆጠርኳቸው" አሉኝ። ከዚያ የአባቴንና የአያቴን ስም፣ የአገሬንም ስም ጠየቁኝ። አብዱልወሃብ እየጻፈ ፊደሉን ሲያስደግመኝ ይሰማኛል። ደብተሩ ላይ፣ ያቺን ቢራቢሮ በድጋሚ ያገኘችና ያሳደገች ብለው በሙሉ ስሜ አሰፈሩኝ። "ካንቺ በኋላ የሚያጠና ሁሉ ስምሽን ሳያነብ አያልፍም" አሉኝ። ወዲያው ባለስልኳ ሒሳቡ አለቀ አለችኝ።

ስሜ ለመጪው ሳምንት በረራ ተጠርቷል ኢንሻአላህ። ይህን ደብዳቤ ነገ የምትሄድ የኮምቦልቻ ልጅ ታደርስልሃለች። ሻንጣዬ ቀላል ነው፤ እንዳታፍሩብኝ። እናታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ። ወለላን እንኳን ማርያም... አስተግፊሩላህ፣ ከአርሲዋ ጎረቤቴ ለምጄ ነው፤ እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ በላት። ጀውሀርን ጸጉሩን ደባብስልኝ። ሼህ ሙሕሲን በዱዓቸው እንዳይረሱኝ። ጎረቤት ተሰብስቦ ልጅሽ ከዐረብ አገር ምን ይዛ መጣች ብሎ እናታችንን ሲጠይቃት፣ አትሸማቀቅ፤ ከአላህ ሥራ አንዱን በዓይኗ አይታ፣ ጽፋ መጣች ትበላቸው።

እህትህ ፈቲያ

ጅዳ፣ ተርሂል
ኅዳር 17 ቀን 2006 ዓ.ም.