ደብተር አስዘግተው ያስተማሩት መምህርት

ተማሪዎቻቸው «እትዬ ለምን» እያሉ የሚጠሯቸው እናታችን ከጫማ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው ጥር 8 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተማሩ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀውም በ1966 ዓ.ም. የሳይንስ መምህርት ሆኑ። በ1970 ዓ.ም. ከአናጺው አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወልደዋል።

እናታችን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደ ባልደረቦቻቸው ማስታወሻ ያስገለብጡ ነበር፤ ይህንንም ደብቀው አያውቁም። አንድ ቀን የትነትን ትርጉም አንዲት ቃል ሳትስት በቃሏ ያነበነበችውን አንደኛ የምትወጣ ተማሪያቸውን፣ እርጥብ ጨርቅ ጥላ ውስጥም ለምን እንደሚደርቅ ጠየቋት። ልጅቷም «ቲቸር፣ እሱ ደብተሬ ላይ የለም» አለቻቸው። ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ጥፋቱ የልጅቷ እንዳልሆነ ገብቷቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ክፍል እንደገቡ ደብተር ያስዘጋሉ። አንዱን እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ሌላውን ዘርግተው የትኛው ቀድሞ እንደሚደርቅ በቡድን ያስገምታሉ፤ ያስሞክራሉ፤ ያከራክራሉ። በመጨረሻም እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ሙከራ ያወጣል፣ የጎረቤቱንም ሙከራ እንከን ይፈልጋል። ምክንያት የሌለው ትክክለኛ መልስ ግማሽ ነጥብ፣ ተሳስቶ ስሕተቱን ራሱ ያገኘ ተማሪ ደግሞ ሙሉ ነጥብ ነበረው። በዚህ አሠራር ወላጅም መምህርም ጮኾባቸዋል፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

በ1984 ዓ.ም. ርእሰ መምህሩ የተማሪዎቹን ደብተር ቢያገላብጡ ባዶ ሆኖ አገኙት። በአንድ ወር ውስጥ ወደ ማስገልበጥ ካልተመለሱ ከክፍል እንደሚነሡም በደብዳቤ አስጠነቀቋቸው። እናታችን በደብዳቤው ግርጌ «ልጆቹን ጠይቃችሁ ፍረዱ» ብለው ጽፈው መለሱት። ልጆቹን የጠየቀ አልነበረም። እናታችን ስድስት ዓመት የመጻሕፍት መጋዘን ጠባቂ ሆኑ፤ በምሳ ሰዓት ግን የመጋዘኑ ደጃፍ በተማሪ ይሞላ ነበር። ርእሰ መምህሩ ሲቀየሩ ወደ ክፍላቸው ተመልሰው በ2006 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በዚያው መንገድ አስተማሩ።

ትምህርት ቤቱ ለዚህ ጽሑፍ «ለረጅም ዓመታት በትጋት አገልግለዋል» የሚል ዐረፍተ ነገር ልኮልናል፤ የመጋዘኑን ነገር እንድንተወውም በትሕትና ጠይቆናል። አንተወውም። እናታችን ተቀጥተዋል፤ የተቀጡትም ልጆች እንዲያስቡ ስላደረጉ ነው። ይህንን ሸፍነን ብንቀብራቸው እኛም ከቀጧቸው ጋር መቆማችን ነው።

እናታችን ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆችን ትተውልናል። እኛ ልጆቻቸው አንገታችንን ቀና አድርገን እንሸኛቸዋለን።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ በዚያም የሚጠይቁት ነገር አያሳጣቸው።