ብረት የሚጠብቅ መዳብ

ይድረስ ለናፈቅሽኝ ልጄ፤

እንደምን ከረምሽ? እኔ ጉልበቴን ትንሽ ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ከማስተማር ጡረታ ወጣች እንጂ ኬሚስትሪዋን አልተወችም። «ብረት ጉልበተኛ ነው፤ መዳብን ከሟሟበት ውሃ አስለቅቆ ይለብሰዋል። መዳብ ግን ብረትን ንቅንቅ አያደርገውም» የምትለውን እንኳን ተማሪዎቿ፣ እኔም ልብስ ሰፊው በቃሌ ይዤዋለሁ።

ትናንት የመዳብ ሽቦ የብረት ሰልፌት ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ሽቦው ብረት እስኪለብስ ስትጠብቅ ዋለች።

«አልለበሰም እንዴ?» አለችኝ።

«ትንሽ ታገሺው» አልኳት።

ዛሬም መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ታየዋለች። ብርጭቆውን ላነሳባት አልደፈርኩም።

የሁለታችንንም ሰላምታ እኔው ልኬልሻለሁ። ስትመጪ ግን፣ በሩን እንደከፈተችልሽ ቀድመሽ ስምሽን ንገሪያት፤ ደስ ይላታል።

ናፋቂሽ አባትሽ