መጠኑ የማይታይ መዋጮ

ሰኔ 4
ጠዋት ደረጃው ላይ የሕንፃችን ሊቀመንበር በስልክ «የጣሪያው ነገር ያለቀ ነው!» ሲሉ ሰማሁ። እሰይ! መጻሕፍቴ አጠገብ ጠብታ ሲቀበል የከረመውን ባልዲ ወርጄ ታች ለምትኖረው ልብስ ሰፊ ሰጠኋት። የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ደስታ ይኸው ነው...

ሰኔ 5
ለካ ያለቀው የኮሚቴው ስብሰባ ኖሯል። ጣሪያውን የነካው የለም፤ ዛሬ ለማሠሪያው መዋጮ ተሰበሰብን።
አምና የመዋጮው ዝርዝር በር ላይ ተለጥፎ ልብስ ሰፊዋን «ይቺን ብቻ?» ብለው አስለቅሰዋታል። ዘንድሮ ምድር ቤት ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ «በኢንተርኔት ገንዘብ፣ በቢትኮይን እናዋጣ» አለ።
«እሱስ ይታያል?» አሉ ሊቀመንበሩ።
«ዋናው ሰንሰለት፣ መዝገቡ ማለቴ ነው፣ ለዓለም ሁሉ ይታያል፣ ጋሼ።»
«ከበራችን ወደ ዓለም! አደግን በሉኛ» አለች ልብስ ሰፊዋ።
መላ ተገኘ። ጠጋኙ ከቢትኮይን ጎን ሌላ ትንሽ ሰንሰለት ይዘረጋል። እዚያ መላክህ ለሁሉ ይታያል፣ ስንት እንደላክህ ግን ይሸፈናል። ከላኪው ሌላ ለጠጋኙ ብቻ ይከፈታል፤ እሱም ከድምሩ በቀር ላይተነፍስ ምሏል። ገንዘቡን አምስት ቁልፍ ያዦች ይጠብቁታል፤ ሦስቱ ከፈረሙ ይወጣል። ሊቀመንበሩ፣ ባለቤታቸው፣ ወንድማቸው... ሌሎቹ ሁለቱ ለጌጥ ናቸው።

ሰኔ 13
ሃያ አራቱም ቤት የመላኩን አረንጓዴ ምልክት አገኘ። «መቶ በመቶ!» አሉ ሊቀመንበሩ። ደረጃው ላይ ሁሉም እንደ በጎ አድራጊ ነው የሚራመደው። እኔም ሁለት ምርቃት ተቀበልኩ።

ሰኔ 20
ዝናብ። መዝገበ ቃላቱ እስከ «መ» ረጠበ።

ሰኔ 24
ጠጋኙ ድምሩን አነበበ።
«ይሄ እኮ ከምስማር አያልፍም! ማነው ያልሰጠው?» አሉ ሊቀመንበሩ።
«ሁሉም ሰጥቷል፣ ጋሼ። አረንጓዴ ነው።»
ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። «ሁላችንም የላክነውን በየስልካችን እንክፈተዋ! ይቻላል አይደል?»
«ባለቤቱ ከፈቀደ ይቻላል» አለ ጠጋኙ።
ያኔ ነው የተናገርኩት። ስለ ገመና፣ ስለ ሰው ልጅ ነፃነት... «ክብር ከጣሪያ ይበልጣል!» ብዬ ጨረስኩ። ጣሪያው በሚያፈስበት ሰው አፍ ሲነገር ያምራል መሰለኝ፣ አጨበጨቡልኝ። ለመሸፈን ሃያ ሦስት እጅ፣ ለመክፈት አንድ።
«እንግዲያው የራሴን» አለችና ስልኳን ለሊቀመንበሩ ዘረጋችላቸው።
መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ።
የድምሩ ግማሽ የሷ ነበር።

ሰኔ 25
ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ጠዋት ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ አገኘችኝ።
«ባልዲውን ልመልስልዎት፣ ጋሼ?»
«ኧረ በጭራሽ!» አልኩ። ምን ዓይን አለኝና...
ሱቅ ወርጄ ሌላ ባልዲ ገዛሁ። ዋጋው ካዋጣሁት ይበልጣል።